ቡና ሄደ፣ ካሚዮን መጣ፦ የ1969 ዓ.ም. ልውውጥ ከጅማ ሲታይ

ጅማ ውስጥ ስለ ቡና ሳይወራ የሚያልፍ ቀን የለም። ዋጋው ይነሳል፣ ዝናቡ ይነሳል፣ የዘንድሮው ፍሬ አያያዝ ይነሳል። ስለ ወታደር ካሚዮን ግን ማንም አያነሳም። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ የማነሳው በ1969 ዓ.ም. አንድ ጉዳይ ሆነው ስለነበር ነው። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ ቡና ሰጥታ ከምሥራቅ ጀርመን የጦር መሣሪያና ካሚዮን ለመቀበል ተስማማች። ጅማ ያኔ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ወደ ውጭ ከሚላከው የኢትዮጵያ ቡና ትልቅ ድርሻ የሚወጣውም ከዚሁ ከእኛ አካባቢ ነበር።

ስለዚህ ልውውጥ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው የጀርመኖቹ የቡና ጥም ነው። የመጣው ካሚዮን ምን ዓይነት ነበር? ከእሱ በፊት የነበረው ለምን ቆመ? ለእኛ መንገድስ ይሆን ነበር ወይ? እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ሠራዊት የሚንቀሳቀሰው በካሚዮን ነው። ካሚዮኑ ከቆመ ጥይቱም፣ ውሃውም፣ ቁስለኛውም ባለበት ይቀራል።

የአገራችንን ዓመታት ዓ.ም.፣ የውጭውን እ.ኤ.አ. እያልኩ እጽፋለሁ።

የሁለት አገር ጭንቀት

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1975 የብራዚልን ፓራና ግዛት ከባድ ውርጭ መታው። የቡናው ዛፍ ጠቁሮ ደረቀ። ብራዚል የዓለም ትልቋ ቡና አምራች ናትና ዋጋው መውጣት ጀመረ። ከውርጩ በፊት አንድ ፓውንድ ቡና ከ1 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የመጀመሪያ ወራት ከ3 ዶላር በላይ ገባ።

ምሥራቅ ጀርመን ቡና የምትገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ምንዛሪው ደግሞ እጥረት ነበረበት። መንግሥቱ ርካሹን ቡና ከገበያ አነሳና በምትኩ ቅይጥ አቀረበ። 51 በመቶው ቡና፣ 49 በመቶው የቺኮሪ ሥር፣ የተቆላ እህል፣ የአተር ዱቄትና የመሳሰለው ነበር። ሕዝቡ ተቆጣ። ምግብ ቤቶች ውስጥ የአተሩ ዱቄት የቡና ማሽኑን እየደፈነ አስቸገረ። ጀበና ለሚጥድ የጅማ ሰው የዚያን ሕዝብ ቅሬታ ማስረዳት አያስፈልግም። ለገዢው ፓርቲ ግን ነገሩ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ሕዝቡ ቡናውን ሲያጣ መንግሥቱን እንደሚጠላ ገብቷቸዋል።

ኢትዮጵያ ቡና ነበራት። የጎደላት ሌላ ነው። ከ1945 ዓ.ም. ስምምነት ጀምሮ ሠራዊቷን ያስታጠቀችው አሜሪካ ናት። በየካቲት 1969 የፕሬዚዳንት ካርተር አስተዳደር የጦር እርዳታውን ቀነሰ። ደርግ በሚያዝያ አስመራ የነበረውን የአሜሪካኖች ጦር ሰፈር ቃኘው ጣቢያንና የአሜሪካን ወታደራዊ አማካሪዎች ቢሮ ዘጋ። ከዚያ በኋላ ከአሜሪካ ይመጣ የነበረው ዕቃ ቆመ። ካሚዮኖቹ አሉ፤ መለዋወጫቸው ግን የለም።

በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። በዚያው ሰሞን የጅቡቲ ባቡር መስመር ድልድዮች ፈርሰው ባቡሩ ቆሟል። ወደ ባሕር የሚያወጣው ዋና መንገድ የአሰብ አስፋልት ሆነ። ቡናው የሚወጣው በዚያ ነው። መሣሪያው የሚገባውም በዚያው ነው። ሁለቱም ካሚዮን ይፈልጋሉ። ታጠቅ ጦር ሰፈር ደግሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሚሊሺያ ተሰብስቧል። ይህን ሁሉ ሰው ከሸዋ እስከ ሐረርጌ ማድረስ ራሱን የቻለ የካሚዮን ጥያቄ ነበር።

ቬርነር ላምበርዝ የሚባለው የምሥራቅ ጀርመን ፖሊት ቢሮ አባል አዲስ አበባ የተመላለሰው በዚህ መሀል ነው። ከመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጋር ተስማማ። ከዚህ ቡና ይሄዳል፤ ከዚያ መሣሪያ፣ ማሽንና ካሚዮን ይመጣል። በመካከሉ ዶላር የሚባል ነገር አይገባም። ላምበርዝ የስምምነቱን መጨረሻ አላየም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1978 ሊቢያ ውስጥ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ።

ከዚያ በፊት የነበሩት

በ1969 የተቀየረው ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደነበር የሚገባን ከዚያ በፊት የነበረውን ስናይ ነው።

ጣሊያን በ1928 የገባው በካሚዮን ነው። ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲዘልቅ ያሰለፈው ተሽከርካሪ ከ1,600 በላይ ነበር። በዘመኑ ከታወቁት አንዱ ፊያት 634 ነው፤ አባቶቻችን ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት። በናፍጣ የሚሠራ፣ ከባድ ጭነት የሚችል መኪና ነው። የሚገፋው ግን በኋላ ጎማው ብቻ ነው። ዝናብ ወርዶ ጣርማበር ላይ ጭቃ ሲገጥም ወታደሩ እየወረደ መንገድ መሥራትና መኪና መግፋት ነበረበት። ጣሊያን እዚህ አገር በነበረባቸው ዓመታት መንገድ ላይ ያን ያህል የተረባረበው አንድም ለዚህ ይመስለኛል። የነበረው ካሚዮን መንገድ የሚፈልግ ካሚዮን ነው። የአዲስ አበባ ጅማ መንገድ የዚያ ሥራ አንዱ ክፍል ነው።

በ1933 የእንግሊዝ ጦር የናይጄሪያና የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌዶችን ይዞ ወደ ጅማ ሲመጣ ክረምቱ ገብቶ ነበር። ድልድዮቹ ፈርሰዋል። አባልቲ አካባቢ የኦሞ ጊቤን ወንዝ በግንቦት መጨረሻ ተሻገሩ። ጅማ የገቡት ሰኔ 14 ቀን ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የገረሱ ዱኪ አርበኞችም አካባቢውን ለጣሊያን አልጋ አላደረጉትም። የጊቤን በረሃ ቁልቁለትና ዳገት በሰኔ ያየ ሰው ያ ጉዞ ለምን እንዳዘገመ ይገባዋል።

አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የያዙት ሐሳብ ሁሉም ጎማ ይግፋ የሚል ነው። ሁለት ቶን ተኩል የሚጭነው ጂኤምሲ ሲሲኬደብልዩ በሦስቱም አክስል ይገፋ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1945 ከ500,000 በላይ ተሠርቷል። የእሱ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1950 የመጣው ኤም 35 ነው። መጀመሪያ ሪዮ የሚባለው ፋብሪካ ሠራው፤ የንጉሡ ዘመን ሠራዊትም በእርዳታ ካገኛቸው አንዱ የዚህ ቤተሰብ ካሚዮን ነበር። ከመንገድ ውጭ ሁለት ቶን ተኩል፣ በደህና መንገድ የዚያን እጥፍ ይጭናል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኤም 35 ላይ የተገጠመው ሞተር ትንሽ ቆም ብለን ልናየው የሚገባ ነው። ናፍጣ፣ ላምባ፣ የጄት ነዳጅ፣ ካስፈለገም ቤንዚን ያቃጥላል። መሠረቱ ኑረምበርግ ያለው፣ ማን (MAN) የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ ያወጣው አሠራር ነው። በተለመደው የናፍጣ ሞተር ነዳጁ በጋለው አየር መካከል ይረጫል። በማን አሠራር ግን አብዛኛው የሚረጨው ፒስተኑ ራስ ላይ ባለው ጎድጓዳ ግድግዳ ላይ ነው። ከዚያ እየተነነ ቀስ ብሎ ይቃጠላል። ሞተሩ አይንኳኳም፣ ነዳጅም አይመርጥም። ለጦር ሠራዊት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጠላት የተወው በርሜል ውስጥ ያለው ምንም ይሁን ምን ትቀዳለህ፣ ትሄዳለህ።

እንግዲህ በ1969 መለዋወጫ ያጣው ይህ ካሚዮን ነው። ነዳጅ የማይመርጥ ሞተር ይዞ ለአንድ የማርሽ ሳጥን ጥርስ ሲል የሚቆም።

ጭቃው ምን ይላል?

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥልባታል። አፈሩ ቀይ ነው። ከአጋሮ ወይም ከሊሙ መስመር አስፋልቱን ትቶ ወደ ቡና ጫካው የገባ ሹፌር በክረምት ምን እንደሚገጥመው ያውቃል። እንዲህ ያለ አፈር ላይ የካሚዮን ልዩነት ከሞተሩ ይልቅ ጎማው ላይ ይታያል።

የአሜሪካኖቹ ካሚዮኖች ኋላቸው ላይ ጥንድ ጥንድ ጎማ ነበራቸው። አስፋልት ላይ ጥሩ ነው፤ ጭነቱን ይከፋፈላሉ። ጭቃ ውስጥ ግን በሁለቱ መካከል አፈር ይጠቀጠቃል። ከዚህም በላይ የፊተኛው ጎማ ቀጭን ቦይ ከፍቶ ያልፋል፣ ሰፊው የኋላ ጥንድ ደግሞ አዲስ ቦይ ለመክፈት ይታገላል። ሞተሩ ጉልበቱን የሚጨርሰው እዚያ ላይ ነው።

ሶቪየቶች ይህን የተማሩት በራሳቸው ስህተት ነው። ከጦርነቱ በኋላ ያመጡት ዚስ-151 እንደ አሜሪካኖቹ ጥንድ ጎማ ነበረው። በጭቃና በበረዶ ደከመባቸው። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ዚል-157 ላይ ጥንዱን ተዉት። የፊትና የኋላ ጎማ አንድ ዓይነት፣ ነጠላና ወፍራም ሆነ። የኋላው የፊተኛውን ዱካ ተከትሎ ያልፋል፤ ተጨማሪ ቦይ አይከፍትም። ሹፌሩም ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ የጎማውን አየር ይቀንሳል፣ ይጨምራል። ይህን የአየር መቆጣጠሪያ እ.ኤ.አ. በ1942 ቀድመው የገጠሙት አሜሪካኖች ራሳቸው ናቸው፤ ደክ በሚሉት ውሃ ላይ በሚንሳፈፈው ካሚዮን ላይ። ለተራው የሠራዊት ካሚዮን ያዳረሱት ግን ሶቪየቶች ናቸው። አሜሪካኖች ነጠላ ጎማንና አየር መቆጣጠሪያን ወደ ካሚዮኖቻቸው በሰፊው የመለሱት በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ነው። ጥሩ ሐሳብ አውጥቶ ለ40 ዓመት ገደማ መተው በጣም የሚያስቆጭ ነገር ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ሞተሩ የሚያሽከረክረው ኮምፕሬሰር አየር ይሰጣል። አየሩ በቧንቧ ወደ ጎማው መሀል ይደርሳል። ጭቃ ሲመጣ አየሩ ይቀንሳል፣ ጎማው ይለጠጣል፣ መሬት የሚነካው ክፍል ይረዝማል። ክብደቱ ስለተበተነ አይሰምጥም። አስፋልት ሲደርስ ይነፋል። ጥይት ጎማውን ቢበሳው እንኳ ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ኮምፕሬሰሩ እየሞላ እስከ ጋራዥ ያደርሳል። ጎሚስታ በሌለበት በረሃ ይህ ሕይወት ነው።

ሕዝቡ ኦራል የሚለው ኡራል-375 የዚህ ትምህርት ጫፍ ነው። ሚያስ በምትባል የኡራል ተራሮች ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ተሠራ። በስድስቱም ጎማ ይገፋል፣ አየሩን ይቆጣጠራል፣ 180 የፈረስ ጉልበት አለው። ቢኤም-21 የሚባለው ሮኬት ተኳሽ የተጫነው በእሱ ላይ ነው። በኅዳር 1970 የሶቪየት የአየር ድልድይ ተከፍቶ መሣሪያው ሲጎርፍ፣ ኦራልም በኢትዮጵያ መንገድ ላይ የተለመደ መኪና እየሆነ መጣ።

አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ቤንዚን ነው የሚጠጣው፤ በ100 ኪሎ ሜትር 50 ሊትርና ከዚያ በላይ። ሂሳቡን እንሥራው። ከአሰብ አዲስ አበባ 880 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 880 ሊትር ቤንዚን ይሆናል። ይህ በክብደት 650 ኪሎ ያህል ነው። ካሚዮኑ የሚጭነው ከ4.5 እስከ 5 ቶን ነው። የሚያጓጉዘው ነዳጅ ከሆነ ከጭነቱ ከሰባት አንዱን ራሱ ይበላዋል ማለት ነው። ነዳጅ ለሌላት፣ ያውም በጦርነት መሀል ላለች አገር ይህ ከባድ ነው። ሶቪየቶችም ያውቁት ነበር። የናፍጣ ሞተር ያለው ኡራል-4320 ሚያስ ውስጥ መሠራት የጀመረው በዚያው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው።

በቡናው የመጣው

ከምሥራቅ ጀርመን የመጣው ካሚዮን፣ ኢፋ ደብልዩ 50፣ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ሲወለድ የጦር ካሚዮን አልነበረም። ከበርሊን ደቡብ ባለችው ሉድቪግስፌልደ እ.ኤ.አ. በ1965 መሠራት ሲጀምር የታሰበው ለእርሻ፣ ለግንባታና ለከተማ ጭነት ነው። 5 ቶን ይጭናል። አራት ሲሊንደር ያለው 6.5 ሊትር የናፍጣ ሞተር አለው፤ ጉልበቱ 125 ፈረስ ነው። አብዛኛው በኋላ ጎማ ብቻ ይገፋል። በአራቱም የሚገፋም ነበር። ለሠራዊቱ የተዘጋጀው ደግሞ ነጠላ፣ ሰፊ ጎማና የአየር መቆጣጠሪያ ተጨምሮለታል።

እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የኢፋው ሞተር የሚሠራው በዚያው በማን (MAN) አሠራር ነው፤ ፈቃዱን ከምዕራብ ጀርመን ገዝተው። ያው ኤም 35 ውስጥ ያለው ሐሳብ። የአሜሪካ ሠራዊትና የምሥራቅ ጀርመን ሠራዊት ፊት ለፊት ተፋጠው ሳለ ካሚዮኖቻቸው ነዳጅ የሚያቃጥሉት በአንድ ኑረምበርግ በወጣ ዘዴ ነበር። አንዱ መሐንዲስ ቢሮ ያፈለቀው ነገር በሁለቱም ወገን በኩል አልፎ እኛ ዘንድ መድረሱ በጣም ይገርመኛል። ለኢትዮጵያዊው መካኒክ ግን ይህ ዝምድና ምንም አልጠቀመውም። ዘዴው አንድ ይሁን እንጂ ፒስተኑም ፖምፓውም አንዱ ለሌላው አይገጥምም።

በጦር ሜዳ መመዘኛ ኢፋ ከኦራል ጋር አይወዳደርም። አጭር ነው፣ ጉልበቱ ያንሳል፣ ከባድ መድፍ ጎትቶ ገደል አይወጣም። እኔ ግን ለዚያ ሰዓት ኢትዮጵያ ከሁሉም የተሻለው ምርጫ እሱ ነበር ባይ ነኝ። ምክንያቴ ቀላል ነው። ጦርነት ውስጥ የሚጓዘው ዕቃ አብዛኛውን መንገድ የሚጨርሰው በአስፋልትና በጠጠር ላይ ነው። ከወደብ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ ጦር ሰፈር። ከዚያ በኋላ ያሉት የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ናቸው ስድስት ጎማ የሚፈልጉት። ኢፋ በ100 ኪሎ ሜትር ከ20 እስከ 25 ሊትር ናፍጣ ይበቃዋል። ከጅማ አዲስ አበባ ያለውን 350 ኪሎ ሜትር ከ70 እስከ 90 ሊትር ባለው ይጨርሰዋል። ኦራል ለዚያው መንገድ 175 ሊትርና ከዚያ በላይ ቤንዚን ይጠይቃል። ጭነታቸው ደግሞ ተቀራራቢ ነው። ኦራልን ለኦጋዴን አሸዋና ለካራማራ አቀበት አስቀምጦ መንገዱን ለኢፋ መስጠት ትክክለኛው የሥራ ክፍፍል ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ኢፋ ቀላል ነው። አራት ሲሊንደር ብቻ፣ ኤሌክትሮኒክስ የሚባል የለበትም። በፊያት የሠለጠነ የጣሊያን ዘመን ልጅ መካኒክ ከፍቶ ሲያየው አይደነግጥም።

ዋጋው

ቡናውን ከዚህ አንጻር እንየው። አንድ ኢፋ 5 ቶን ይጭናል ብለናል። በእኛ አለካክ 290 ፈረሱላ ይበልጣል። ፓውንዱ 3 ዶላር በነበረበት ጊዜ ይህ አንድ ጭነት 33,000 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። ኢትዮጵያ ለዕቃ የለወጠችው በታሪኩ ከፍተኛ ዋጋ ላይ የነበረውን ቡና ነው። ማንም ገዢ በጥሬ ዶላር የሚወስደውን።

ይህን ያየ ሰው ተታለልን ሊል ይችላል። እኔ እንደዚያ አልልም። በሐምሌ 1969 ዶላር ይዞ ገበያ መውጣት ካሚዮን ይዞ መመለስ ማለት አይደለም። አሜሪካ በሯን ዘግታለች። ከሌላ ቦታ ማዘዝ ወራት ይፈጃል። ጠላት ደግሞ ጅጅጋ ደጃፍ ላይ ነው። ቡናው የገዛው ካሚዮኑን ብቻ ሳይሆን ጊዜንም ነው። የማዝነው በሌላ ነገር ነው። የዓለም ዋጋ ሦስት አራት እጥፍ ሲወጣ ከፋ ውስጥ ያለው ለቃሚና ገበሬ እጅ የደረሰው ከዚያ በጣም ትንሹ ነው። በላቡ ካሚዮን ተገዝቶ፣ ያ ካሚዮን ልጁን ጭኖ ግንባር ሲወስደው፣ ስለ ስምምነቱ የነገረው የለም።

መንግሥትም ብዙም ሳይቆይ ሂሳቡን አየ። ካራማራ በየካቲት 1970 ከተመለሰ በኋላ ጥድፊያው ረገበ። ኢትዮጵያ ቡናዋን በዕቃ መለወጡን ትታ በምንዛሪ ይከፈለኝ ማለት ጀመረች። ምሥራቅ ጀርመን ይህን አልቻለችም። ፊቷን ወደ ቬትናም አዞረች፤ እዚያ ቡና እንዲተከል ገንዘብና ማሽን አፈሰሰች። ያ ቡና በደንብ ማፍራት ሲጀምር ምሥራቅ ጀርመን የምትባል አገር አልነበረችም።

ኢፋው ግን እዚሁ ቀረ። የዕርዳታ እህል ጫነ፣ ወታደር ጫነ፣ ቡናም ጫነ። የመጨረሻው ደብልዩ 50 ከሉድቪግስፌልደ ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ጀርመን ከተዋሃደች በኋላ ፋብሪካው ወደ መርሴዲስ ዞረ። እንዲህ ሆኖ የኢትዮጵያ ካሚዮኖች በ13 ዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ወላጅ አጡ። በመጀመሪያው ጊዜ ፋብሪካው አለ፤ መለዋወጫውን የከለከለው ፖለቲካ ነበር። በሁለተኛው ፋብሪካው ራሱ ጠፋ። መካኒኮች የሚያደርጉትን አደረጉ፤ ከቆመው ፈትተው ለሚሄደው ገጠሙ፣ ባሌስትራውን ከሌላ መኪና አምጥተው አስተካከሉ፣ የጠፋውን ቡሽ በቶርኖ አስወጡ። ኦራል የተሻለ ዕድል ገጠመው። ሚያስ ዛሬም የናፍጣውን ኡራል ይሠራል።

ለሠራዊት ካሚዮን የሚመርጥ ሰው ዛሬ ጥያቄው ይበልጥ ከብዶበታል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ኤም 35ን የተኩባቸው አዲሶቹ ካሚዮኖች አውቶማቲክ ማርሽና በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የአየር መቆጣጠሪያ አላቸው። ከኤም 35 በብዙ ይበልጣሉ። ሲበላሹ ግን ከመፍቻ በፊት ኮምፒውተር ይፈልጋሉ። ቶርኖ ቤት የሚያወጣው ነገር አይደለም።

በዚያ ዘመን ከአሰብ እስከ ጅማ ኢፋና ኦራል የነዱ፣ የጠገኑ፣ ጎማ የቀየሩ ሰዎች ዛሬም ከተማችን ውስጥ አሉ። መርካቶ በኩል፣ ቆጪ በኩል፣ ፈረንጅ አራዳ ሻይ ቤቶች ውስጥ ቁጭ ብለው ይገኛሉ። የበርሊን መዝገብ ቤቶች የላምበርዝን ደብዳቤ አስቀምጠዋል። የየትኛው ካሚዮን የትኛው ክፍል መጀመሪያ ይሰበር እንደነበር፣ ጊቤ ዳገት ላይ ስንተኛ ማርሽ ይገባ እንደነበር የሚያውቁት ግን እነዚህ አባቶች ናቸው። አባት ወይም አጎት ያላችሁ፣ ስልካችሁን አውጡና ቃላቸውን ቅዱ።